የጋሼ ትንፋሽ ዝምታ

«ትንፋሽ» የሚለው ስም የወጣለት በወጣትነቱ ነው። አንዴ ሳክስፎኑን አፉ ላይ ካደረገ የሚያቆመው የለም፤ አስተናጋጁ ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ወጥ ቤት ደርሶ፣ ሳህን ተሸክሞ ሲመለስ ያችው ኖታ እንዳለች ናት ይሉ ነበር የሥራ ባልደረቦቹ። ሲያጋንኑ ነው፤ ግን ብዙም አልዋሹም። ዕድሜው ሲገፋ «ጋሼ» ተጨመረበትና ጋሼ ትንፋሽ ሆኖ ቀረ።

ስሙ ከመድረክ ወርዶ ቤቱ ድረስ የተከተለው ያለምክንያት አይደለም። ሰውየው ወሬ ላይም ያው ነው። ማዕድ ላይ ሰው አንድ ነገር ሲጀምር ጋሼ ትንፋሽ ይጨርስለታል። ያውም ከጀመረው ሰው አሳምሮ ነው የሚጨርሰው፤ ስለዚህ ደፍሮ የሚቆጣው አልተገኘም። ልብስ ሰፊዋ ባለቤቱ ብቻ፣ «ከአንተ ጋር ማውራት አይቻልም፤ አንተን መስማት ነው የሚቻለው» ትለዋለች። እሱ እንደ ምስጋና ቆጥሮት ይስቃል። ክፋት የለበትም፣ ይህን ሰው ሁሉ ይመሰክርለታል። ሰው ሲቸገር ማየት አይወድም፤ ቃል የጠፋበት ሰው ደግሞ ለእሱ የተቸገረ ሰው ነው።

ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ ፒያኖ ተጫዋች። እግሯ ከወንበሩ ወደ መሬት ሳይደርስ ጣቷን ይዞ ያስጀመራት እሱ ነው። ከፍ ስትል በየሰርጉና በየሆቴሉ ይዟት ዞረ፤ «የኔ ልጅ ናት» እያለ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም አስተዋወቃት። አንድ ቀን ታዲያ «አባዬ፣ ከእንግዲህ ከእኩዮቼ ጋር መጫወት እፈልጋለሁ» አለችው። ጠብ የለ፣ ኩርፊያ የለ። እሱም ወጣት ስለሆነች ነው ብሎ መልሱን ለራሱ ሰጠና ነገሩን ዘጋው።

ዓመታት አለፉ። ልጅት ዘመነኛ ጃዝ የሚሉትን፣ መነሻው እንጂ መድረሻው የማይታወቀውን ሙዚቃ እየጻፈችና እየተጫወተች ስም አወጣች። ጋሼ ትንፋሽ አንድም ኮንሰርቷ አምልጦት አያውቅም። ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ አጠገቡ ያለውን ሰው «ልጄ ናት» ይለዋል፣ በየመሃሉ ጉልበቱ ላይ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። እሷ ከብዙ ሰው ጋር ተጫውታለች፤ ከእሱ ጋር ግን ከዚያ ወዲህ አልተጫወተችም። እሱም አልጠየቃትም። አልከፋኝም ይላል፤ ሆዱ ግን ያውቃል።

በዚህ ዓመት ነው በር ላይ እንደቆመች፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «አባዬ፣ ለሁለት ብቻ የሚሆን ኮንሰርት አስቤያለሁ» ያለችው። «ከበሮ የለ፣ ቤዝ የለ። ፒያኖና ሳክስፎን ብቻ።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው። ሳክስፎኑን ያ አብሮሽ የሚጫወተው ረጅሙ ልጅ ይዞት...»

«አንተ ነህ የምትይዘው።»

ጋሼ ትንፋሽ «እጄን ልታጠብ» ብሎ መታጠቢያ ቤት ገባና ቧንቧውን ከፍቶ አለቀሰ። ሲወጣ ፊቱም እጁም ረጥቦ ነበር። እናትና ልጅ ምንም እንዳላወቁ ሆኑ።

ሲያልቅ አያምር የሚባለው ደግሞ እንዲህ ላለው ነገር ነው። ሁለቱ የላይ የፊት ጥርሶቹ መነቃነቅ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ለማንም ሳይናገር በጥንቃቄ ይዟቸው ኖሯል። ፖስተሩ ታትሞ፣ የአባትና የልጅ ፎቶ ጎን ለጎን በየግድግዳው በተለጠፈበት ሳምንት፣ ቁርስ ላይ ደረቅ ዳቦ ገመጠና አንደኛው ጥርስ ዳቦው ላይ ቀረ። የጥርስ ሐኪሙ ሁለተኛውን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ፤ እሱንም ነቀለው። በቦታቸው ሁለት ሰው ሠራሽ ጥርሶች የተተከሉባት፣ ላንቃ ላይ የምትለጠፍ ስስ ሮዝ ፕላስቲክ ሠርቶ ሰጠው።

ሳክስፎን ነፍቶ የማያውቅ ሰው ሁለት ጥርስ ምን ሊያደርግ ነው ይል ይሆናል። ትንፋሹ የሳንባ ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያዘው በጥርስ ነው። የታችኛው ከንፈር ድምፅ የምታወጣዋን ስስ ሸምበቆ ከሥር ይደግፋል፤ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ደግሞ የሳክስፎኑን አፍ ከላይ ይጫኑታል። እነሱ ከተነቃነቁ ሰውየው ዕድሜ ልኩን ሲነፋ የኖረ ቢሆንም ያው ጀማሪ ነው። ጋሼ ትንፋሽ መኝታ ቤቱን ዘግቶ ሞከረ። ጥቂት ኖታ እንዳወጣ ፕላስቲኩ ከላንቃው ለቀቀ፤ ድምፁም እንደታነቀ ዶሮ ሆነ።

«ለልጅህ ንገራት» አለችው ባለቤቱ ከበሩ ውጭ ሆና።

«አልነግራትም። ብነግራት ትሰርዘዋለች። ከሰረዘችው ደግሞ ሁለተኛ አትጠይቀኝም።»

«ልጅህ እኮ ናት አንተ ሰውዬ፤ ትራፊክ ፖሊስ አይደለችም።»

«ይህችን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቅኳት አንቺ ታውቂያለሽ። እባክሽ።»

«እባክሽ» ከአፉ እምብዛም አትወጣም፤ ስለዚህ ራራችለት። «እሺ፣ ሆድ ይፍጀው» ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

ልምምዱ የሚደረገው እዚያው ሳሎን ውስጥ፣ ልጅት ባደገችበት ፒያኖ ነው። ከሳሎኑ ቀጥላ ያለችው ጠባብ ክፍል የስፌት ክፍል ናት፤ እነሱ ሲጀምሩ እናት መኪናዋን ታቆምና በእጅ የሚሰፋ ሥራ ትይዛለች። በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ትንፋሽ ነፋ፣ ፕላስቲኩ ተነሳ፣ አቆመ። ሳክስፎኑን ከአፉ አወጣ፤ ከንፈሩን ገጠመ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ፕላስቲኩን በምላሱ ወደ ቦታው መለሰው። ልጅት ድምፁ ሲቆም ቀና ብላ አየችው። ጠበቀችው፤ ከዚያ በቀኝ እጇ ብቻ አንድ አጭር ነገር ተጫወተች። እሱ ጥርሱ ሲደላደል ጥቂት ኖታ ነፋ፤ ደግሞ አቆመ፤ ደግሞ ጨፈነ። እሷም በዚያ ክፍተት ትንሽ ጨመረች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ከመጨረሻው ደረሱ። የጋሼ ትንፋሽ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

ልጅት እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች። በቃ፣ ጉዴ ፈላ አለ በልቡ።

«አባዬ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«የቱን?»

«ዝምታውን። እኔ እዚህ ለመድረስ ስንት ጊዜ ነው የፈጀብኝ። አንተ ግን አንድ ነገር ትላለህ፣ ትተወዋለህ፣ ትጠብቃለህ።» ድምፅዋ ቀጠነ። «እንዲህ ስትጫወት ሰምቼህ አላውቅም።»

እውነቱን መናገር የነበረበት ያኔ ነው። ግን ልጁ እንዲህ ባለ ዓይን አይታው አታውቅም፤ በልጅነቷም ቢሆን። ጋሼ ትንፋሽ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ዕድሜ ነው ልጄ» አላት። «ሰው ሲበስል ቁጥብ ይሆናል።»

ከስፌት ክፍሉ ሳል ተሰማ። ረጅም ሳል ነበር።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። ልጅት ሙዚቃዋን ይዛ ሄዳ እንደገና ጻፈችው። በኖታ ጢም ያለው ወረቀት አሁን ግማሹ ባዶ ሆነ፤ «እዚህ ጋ አንተ ዝም ትላለህ፣ እዚህ ጋ ደግሞ እኔ» ትለዋለች በእርሳሷ እያሳየች። እሱም እንደ ሊቅ አገጩን ይዞ እሺታውን ይገልጻል። ፕላስቲኩ ሲለቅበት ዓይኑን መጨፈን ለምዷል፤ እሷም እሱን አይታ መጨፈን ጀመረች። አንድ ቀን ከሸምበቆዋ ይሁን ከጥርሱ ያልታወቀች ፉጨት አመለጠችው። ልጅት በደስታ «እሷን ድገማት» አለች። ሊደግማት ሲታገል አመሸ።

ይባስ ብሎ አንዲት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ስለ ኮንሰርቱ ልትጠይቃቸው ቤት ድረስ መጣች። ፕላስቲኩ ሲናገር ቋ ቋ ይላል፤ ማይክሮፎኑ ደግሞ አፍንጫው ሥር ነው። ስለዚህ ጋሼ ትንፋሽ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄውን ሁሉ በአንድ ቃል መለሰ። «ጃዝ ለእርስዎ ምንድን ነው?» ስትለው ትንሽ ቆየና «ትንፋሽ» አለ። «ከልጅዎ ጋር መጫወትስ?» ስትለው ደግሞ የሚለው ብዙ ነበረው፤ ግን አንገቱን ደፍቶ «ደስታ» ብቻ አለ። ጋዜጠኛዋ ስትወጣ ለልጅት «አባትሽ እንዴት ያለ ጥልቅ ሰው ነው» አለቻት። ልጅት ኩራት በኩራት ሆነች። እናት ወደ ስፌት ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

ልጅት ከልምምድ በኋላም እንደ ድሮው ቶሎ መሄዷን ትታ እራት ትቆይ ጀመር። ጋሼ ትንፋሽ ማዕድ ላይም አፉን ገጥሞ በትንሹ እያላመጠ ይቀመጣል። መጀመሪያ ላይ ማዕዱ አንድ ሰው የጎደለበት ይመስል ነበር። ከዚያ ልጅት ማውራት ጀመረች። አንድ ምሽት፣ ከዓመታት በፊት ፒያኖዋን ልትተው ደርሳ እንደነበር ነገረቻቸው። አባት «መቼ?» ሊል አፉን ከፈተ፤ ፕላስቲኩ ቋ አለ፤ ገጠመው። እሷ ቀጠለች። አበባ መሸጫ ሱቅ ተቀጥራ አበባ ስትቆርጥ ከርማ ነበር። ጋሼ ትንፋሽ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ገባው፤ ፒያኖው ናፈቃትና ተመለሰች፣ ሌላ ምን ይሆናል። የእሷ ታሪክ ግን ወደዚያ አልሄደም። የሱቋ ባለቤት ጠዋት ማታ የምትከፍታት አንዲት ዘፈን ነበረች። «እሷን ላለመስማት ነው የተመለስኩት» አለችና ሳቀች። እናትም ሳቀች፤ ጋሼ ትንፋሽም አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። እሱ ቢጨርስላት ኖሮ ይህን አይሰማም ነበር። ነገሩን እንደ እንግዳ ነገር ልብ አለው፤ ፍራፍሬው ሲቀርብ ግን ረሳው።

ኅሊናው እረፍት ነሳው። የልጁ ደስታ የቆመው በላላ ፕላስቲክ ላይ ነው። ደግሞስ መድረክ ላይ ከነአካቴው ተፈናጥሮ ፊት ወንበር ያለ ሰው ጭን ላይ ቢያርፍ? ይህን ለባለቤቱ ቢነግራት መርፌዋን አስቀምጣ እስኪበቃት ሳቀች። «ፊት ወንበር የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ እቀልብልሃለሁ» አለችው። እንባዋን ከጠረገች በኋላ ግን፣ «ሳክስፎንህን ይዘህ ሐኪሙ ጋ ሂድ። ልብስ የሚለካው ለባሹ ላይ ነው» ብላ መከረችው።

የጥርስ ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሳክስፎን በቅርብ አይቶ አያውቅም። «እስቲ ይንፉልኝ» አለው። ጋሼ ትንፋሽ የሕክምናው ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነፋ፤ ፕላስቲኩም እንደ ልማዱ ለቀቀ። ሐኪሙ መብራቱን አቅርቦ አየ፣ የሳክስፎኑን አፍ አገላብጦ ለካ፣ ፕላስቲኩን ሞረደ፤ በግራና በቀኝ ያሉትን ጤነኛ ጥርሶች የሚያቅፉ ሁለት ትንንሽ የሽቦ መያዣዎችም አሠራለት። ሌላ ቀን ቀጥሮ ገጠመለትና «አሁን ይንፉ ጋሼ» አለው።

ነፋ። ፕላስቲኩ ንቅንቅ አላለም። አንዲት ኖታ ያዘ፣ አሁንም ያዛት፣ አሁንም። ተራዋን የምትጠብቅ ጉንጯ ያበጠ ሴት አንገቷን አስግጋ «በሩን አትዝጉት» አለች። ሐኪሙ ጓንቱን ግማሽ እንዳወለቀ ቆሞ ቀረ። ጋሼ ትንፋሽ ከዚያ የወጣው ጎረምሳ ሆኖ ነው። ሳይደግስ አይጣላም አለ መንገድ ላይ ለራሱ፤ ልጄ እውነተኛውን አባቷን ልትሰማ ነው።

በቀጣዩ ልምምድ ልጅት የመጀመሪያውን ኮርድ ሳትጨርስ ገባ። ያመለጠውን ጊዜ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ሊያካክስ የተነሳ ይመስል ነፋ። ወረቀቱ ላይ ዝም ትላለህ የተባለበት ቦታ ሲደርስ ዝም ማለት አልሆነለትም። ሐሳቡ ሞልቶ ፈሶ ነበር፤ ያለውን ሁሉ ለልጁ ሊሰጣት ፈልጎ ነበር፤ ይህን ማንም አይክደውም። የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ልጅት መጀመሪያ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ሁለት ሦስቴ ልትገባ ሞከረች፤ ከዚያ ሳህን እንደሚያቀብል ሰው ኮርድ እያቀበለችው ቆየች።

ሲጨርስ ላቡን እየጠረገ «እንዴት ነው?» አላት።

«ጎበዝ ነህ አባዬ» አለችው፤ ሰው ለማያውቀው ሰው እንደሚለው። ወረቀቶቿን ሰበሰበች። «ዛሬ እራት አልቆይም፤ ሥራ አለብኝ።»

እሱ ደስታው ላይ ነበርና በሩን እያፏጨ ዘጋው። ባለቤቱ የኮንሰርቱን ኮት ክንዷ ላይ አድርጋ ከስፌት ክፍሉ ወጣች።

«ልጅቷ ዛሬ የት ሄዳ ነው?»

«አሁን ወጣች እኮ፤ ሥራ አለብኝ ብላ...»

«ከቤት አላልኩህም። ሰሞኑን እዚያ ተቀምጬ የምሰማው ሁለት ሰው ነበር። ዛሬ የሰማሁት አንድ ሰው ነው።»

ተቆጣ። ስለ ሙዚቃ ምን ታውቂያለሽ አለ፤ ጥርስ የሌለው ባል ነው ወይ የሚሻልሽ አለ፤ ሌላም ብዙ አለ። እሷ ኮቱን ወንበር ላይ ዘርግታ ክር ስትመርጥ ቆየች። ሲደክመው ተቀመጠ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ አገር የሚያውቀውን የገዛ ትንፋሹን የማያውቅ እሱ ብቻ ነበር። «ጎበዝ ነህ አባዬ» ያለችበት ድምፅ አሁን ገና ገባው።

በማግስቱ ልጁን ፍለጋ ወደ አዳራሹ ሄደ። ኮንሰርቱ ነገ ነው። ልጅት ወንበሮቹ ባዶ በሆኑበት አዳራሽ ብቻዋን የመድረኩን ፒያኖ ትሞክራለች። መድረኩ ላይ ወጥቶ አግዳሚው ወንበር ላይ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ፊቱን አዙሮ ፕላስቲኩን አወለቀና መዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋላት።

«ያ ዝምታ ይሄ ነው» አላት። ያለ ጥርስ ስለነበር ቃሉ ተንሸራተተበት።

ልጅት መጀመሪያ ፕላስቲኩን፣ ቀጥላ የአባቷን አፍ አየች። እሱ ከደረቁ ዳቦ ጀምሮ ሁሉንም ነገራት።

«ፉጨቷስ?»

«ፉጨቷም ጥርስ ናት።»

«እኔ እኮ እሷን መነሻ አድርጌ አንድ ሙሉ ክፍል ጽፌያለሁ» አለችና ሳቀች። ስትስቅ ክንዷ ቁልፎቹ ላይ ወድቆ ፒያኖው ጮኸ፤ እሱም አብሯት ሳቀ። ደስ ብሎት ነበር፤ ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር። ሳቋ ግን መሃል ላይ ቆመ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ እየሰማኸኝ መስሎኝ ነበር።»

ጋሼ ትንፋሽ ጥርሱን መልሶ አጠለቀ። ቃል የጠፋበት ሰው አሁን እሱ ነበር፤ የሚጨርስለት ደግሞ የለም።

«ያኔ ከአንተ ጋር መጫወት ለምን እንደተውኩ ጠይቀኸኝ አታውቅም» አለች።

«እሱማ ወጣት ስለነበርሽ፣ ከእኩዮችሽ...» ብሎ ጀመረና አቆመ። እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ለምን ነበር?»

«አንድ ሰርግ ላይ ‹አሁን ልጄ ብቻዋን ትጫወታለች› ብለህ ለሰው ተናገርክ። ጀመርኩ። መሃል ላይ ቆም አልኩ። የጠፋብኝ መስሎህ በሳክስፎንህ ገባህ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አልጠፋብኝም ነበር። እያሰብኩ ነበር።»

«ልረዳሽ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ተቆጥቼህ የማላውቀው።»

ተቆጥታው ብታውቅ ይሻለው ነበር። «ታዲያ ነገ እንዴት እንሁን?» አላት።

«አንተ እንደልብህ ተጫወት። ማስመሰል አያስፈልግም። እኔ እከተልሃለሁ» አለችና ጉንጩን ሳመችው። አሳሳሟ ጥሩ ነበር፤ ተስፋ ግን አልነበረበትም። ጋሼ ትንፋሽ ወደ ቤቱ ሲሄድ ነገ ቢያምርም ባያምርም ሁለተኛ እንደማትጠይቀው አወቀ። ጥርሱን ደብቆ የሸሸው ነገር ጥርሱ ከጠበቀ በኋላ መጣበት።

ቤት እንደገባ ባለቤቱ ፊት ተቀመጠ። «አንድ ነገር አውሪኝ፤ አላቋርጥሽም» አላት።

ባለቤቱ ከመነጽሯ በላይ አየችው። «ምን ላውራህ?»

«የፈለግሽውን። እንዴት እንደተገናኘን አውሪኝ።»

«እሺ። ያን ቀን ከጓደኛዬ ጋር ወደ ሆቴሉ ስንመጣ ዝናብ...»

«ዝናብ አልነበረም፤ ነፋስ ነው እንጂ። እኔ እኮ መስኮቱ ጋ...» አለና ጉልበቱን መታ። «ቀጥዪ።»

ቀጠለች። ሁለቴ ተነፈሰ፣ አንዴ ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ፤ ግን አልተናገረም። ባለቤቱም ለዘመናት እሱ ሲጨርሰው የኖረውን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ጨረሰችው። ለካ ያን ቀን የመጣችው ከበሮ መቺውን ልታይ ነበር። ሳክስፎን የሚነፋውን ከሲታ ልጅ ልብ ያለችው ከበሮ መቺው ስለቀረ ነው።

ጋሼ ትንፋሽ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ይኸኛው ዝምታ ማስመሰል አልነበረበትም። «ያ ጠማማ» አለ በመጨረሻ፤ ባለቤቱም ወደ ደረቷ አስጠግታው ግንባሩን ሳመችው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ባለቤቱ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኮቱ ልክክ ብሎለታል። መጀመሪያ የተጫወቱት ሰው የሚያውቀውን ዜማ ነበር፤ ጋሼ ትንፋሽ ነፋ፣ ልጅት ተከተለችው፣ ሰው አጨበጨበ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ጥሩ ነበር። እሷ ግን ያጀበችው በትህትና ፈገግ እያለች ነው።

ሦስተኛው ለዚያ ዝምታ ብላ እንደገና የጻፈችው ነው። ጋሼ ትንፋሽ መግቢያውን ነፍቶ ለእሷ ተወላት። ልጅት ጀመረች። በቀኝ እጇ ቀስ ብላ ወጣች፣ አንድ ኮርድ ሞከረች፣ ሌላ ሞከረች፣ ከዚያ አቆመች።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጋሼ ትንፋሽ ሳያዘው ሳንባው ሞላ። እጁ ሳክስፎኑን አነሳ፤ ጥርሶቹ ቦታቸውን ያዙ። ቀጥሎ መምጣት ያለበትን ያውቀዋል፤ ቆንጆም ነው። ከኋላ የአንድ ሰው ሳል ተሰማ፤ ሌላው ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ልጁ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጇ አየር ላይ እንዳለ ተቀምጣለች፤ አባት የሆነ ሰው ይህን እያየ እንዴት ያስችለዋል። ሰውነቱ በሙሉ ግባ፣ ድረስላት ይለዋል።

ሳክስፎኑን ከአፉ አወጣና ደረቱ ላይ አሳረፈው። የያዘውን አየር በአፍንጫው ቀስ አድርጎ ለቀቀ። ጥርሱ ሲነቀል እንኳ እንዲህ አላመመውም።

ዝምታው ረዘመ። ልጅት ይገባል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ሲዘገይባት ደንግጣ ቀና አለች። ቅንድቧን አንስታ የራሷን የፊት ጥርሶች በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። ለቀቀብህ ወይ ማለቷ ነው።

ጋሼ ትንፋሽ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። አፉን ከፈት አድርጎም አሳያት፤ ሁለቱ ጥርሶች በቦታቸው ድርቅ ብለው ቆመዋል።

ልጅት አየችው፣ አየችው። ከዚያ ገባት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችውና እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ሰው እየጠበቀ መሆኑ ያሳሰባት አትመስልም ነበር። ማሰብ ጀመረች፤ አባቷም አጠገቧ ቆሞ ጠበቃት።